መርከቧን የሸጠችው መበለት

ውድ ጋሼ ማጉሊያ፣

ይህን ወረቀት ሳታነበው እንዳትቀደው። ከእኔ እጅ የወጣ ነገር ሁሉ ውስጡ እንቁራሪት አይጠፋውም ብለህ በሁለት ጣትህ አንጠልጥለህ እንደያዝከው ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። እንቁራሪት የለውም። ልማልልህ ብል የባሰ ትጠረጥራለህና አልምልም። ብቻ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ፊደሌ ድሮም ዶሮ የጫረችው ነው፤ ዛሬ ደግሞ ዶሮዋን ወባ ይዟታል። ስምንተኛ ክፍል ሆኜ አስተማሪው "አንተ ልጅ፣ ይህን ጽሑፍህን አንተ ራስህ ታነበዋለህ?" ቢለኝ፣ "እኔማ ጻፍኩት፣ ማንበቡ የእርስዎ ሥራ ነው" ያልኩት ትዝ ይልሃል? ወላጅ አምጣ ተባልኩና አንተ መጣህ። አስተማሪው ሲቆጣ አንተ ከንፈርህን ነክሰህ ሳቅህን ስትውጥ አይቼሃለሁ። ዛሬ ግን የሚሳቅ ነገር አጣሁ። ከሁለት ሰዓት በፊት የሰማሁት ነገር እንደ ኤሌክትሪክ ጨብጦኝ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ያለሁት ወርክሾፕህ ውስጥ ነው፣ መስኮቱ ሥር ባለው የመፈተኛ ጠረጴዛህ ላይ። ቁልፉን ከእማዬ ቦርሳ ሰርቄ ልልህ ነበር፤ ይቅርብኝ፣ ይህቺ ቃል ዛሬ ትቆጠቁጠኛለች። ለምኜ ነው የወሰድኩት። ፈታተህ የተውካት የሥጋ ሻጩ ሚዛን እንደተፈታታች ናት። ሰውየው በየቀኑ እየመጣ "ያ ሰው መቼ ነው የሚመለሰው?" ይለኛል። "ወደብ ሄዶ የጭነት መኪና ሚዛን እየጠገነ ነው፤ እስከዚያ በዓይንዎ ይመዝኑ፣ ድሮስ መቼ በሌላ መዘኑ?" አልኩት። ሊመታኝ ነበር። መደርደሪያው ላይ ያሉት ሚዛኖችህ ሁሉ አፍጥጠው ያዩኛል። አንዳቸውም ዜሮ ላይ አይደሉም።

አንተ "ሚዛን ከዜሮ ካልጀመረ ቀሪው ሁሉ ውሸት ነው" ትል የለ? እንግዲያው ከዜሮ ልጀምር።

እኛ ቤት ስትገባ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ሌላው ልጅ እንጀራ አባቱን በስድብ ያርቃል፤ እኔ በአክብሮት አራቅሁህ። "እርስዎ ይቀመጡ። እርስዎ ይብሉ። እርስዎ መቼ ነው የሚሄዱት?" እማዬ ምን ብላ ትቆጣኝ? ስድብ የለበት! ከዚያ አንድ ቀን እዚሁ ወርክሾፕህ ደጃፍ፣ ሲሚንቶው ላይ አንዲት ተራ የኪስ ሳንቲም በሙጫ ለጠፍኩልህ። መንገዱን ተሻግሬ ቆምኩ። ጎንበስ ብለህ በጥፍርህ ስትቧጥጥ፣ ቀና ብለህ ግራ ቀኝ ስታይ፣ እንደገና ጎንበስ ስትል፣ እኔ ሆዴን ይዤ መሬት ላይ ተንከባለልኩ። አንተ ግን አልተቆጣህም። ገባህና መሮ ይዘህ ወጣህ፤ ሰው እያየህ ከነሲሚንቶዋ ፈልፍለህ አወጣሃት። በነጋታው የሳንቲም ሳጥንህን ከፍቼ ሳይ፣ መቶና ሁለት መቶ ዓመት ከኖሩት ሳንቲሞች አጠገብ፣ መጨረሻው ጉድጓድ ውስጥ፣ ያቺ ሲሚንቶ ያዘለች ሳንቲሜ ተጋድማለች። ሥሯ በእርሳስ "የልጁ" ብለህ ጽፈሃል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ "አንተ" አልኩህ። ልብ ብለኸው እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ቀኑን አውቀዋለሁ።

ስለዚያ ሳጥን ለአንተ መንገር ለዓሣ ስለ ውሃ እንደ መንገር ነው፤ ግን ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ ስለሆነ ልበለው። ድሮ የሚዛን ድንጋዮች የሚቀመጡበት የእንጨት ሳጥን ነበር። አንተ ድንጋዮቹን አውጥተህ ጉድጓዶቹን በቀይ ጨርቅ አለበስካቸውና ለሳንቲሞችህ አልጋ አደረግካቸው። የመጀመሪያው አልጋ፣ የቤቱ አባወራ አልጋ፣ የመርከቧ ነው። በአንድ ፊቷ ዘውድ የደፋች ሴት፣ በሌላው ፊቷ ሸራዋን የዘረጋች መርከብ። ስትጋቡ እማዬ የሰጠችህ።

አሁን ወደዚያች ራት እንሂድ፤ ከወር በፊት ወደ ነበረችው። እኔ ከስልክ ጥገናው መጥቼ አፌ ሳይዘጋ ነበር የምበላው።

"ጋሼ፣ ሰው እኮ ዛሬ የድሮ ሳንቲም ከአልጋው ሳይነሳ ነው የሚገዛው" አልኩህ። "አንተ አንዲት ሳንቲም ለመግዛት አንድ ጫማ ትጨርሳለህ።"

"ጫማ ይጠገናል።"

"እዚህ ስልኬ ውስጥ አሥር ሺህ ሳንቲም አለ! ፎቶው ከፊት ከኋላ፣ የሻጩ ኮከብ፣ የገዢዎች ምስክርነት..."

"ኮከቡን ማን ሰጠው?"

"ገዢዎቹ።"

"ገዢዎቹንስ ማን ያውቃቸዋል?"

"ኧረ በሕግ! ያንን የአንተን ሳንቲም ሻጭ፣ ሹክሹክታንስ ማን ያውቀዋል?"

"እኔ አውቀዋለሁ። ሲዋሽ ጆሮውን ያካል።"

እማዬ በሳቅ ትን አላት። አንተ ግን ማንኪያህን አስቀምጠህ እንደ ሰባኪ ጣትህን አነሳህ። "ስማ፣ አንተ ቁንጫ። ሳንቲም መጀመሪያ ይመዘናል። ቀጥሎ እብነ በረድ ላይ ጣል ይደረግና ይደመጣል። ከዚያ ጠርዙ በጥፍር ይዳበሳል። መጨረሻ ላይ ደግሞ የሻጩ ዓይን ይታያል። ፎቶ አይመዘን፣ አይጮኽ፣ ዓይኑን አይሰብር። እንዴት አድርጌ ልመነው?"

"እውነቱን ነው" አለች እማዬ። "እኔ መርከቧን የገዛሁለት በአካል ሄጄ አይደል? ግማሽ ቀን በፀሐይ ቆሜ ተከራክሬ! ሻጩ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።"

ይህን ታሪክ መቶ ጊዜ ሰምተነዋል። እሷ ስታወራ አንተ አንገትህን ወደ ሳህንህ ደፋህ። አየሁህ። ያኔ የመሰለኝ አጥንቱ ላይ ሥጋ ቀርቶ ነው።

"እሺ፣ የራስህን ሳንቲም በፎቶ ብታየው ታውቀዋለህ?" አልኩህ።

"የራሴን? ዓይኔን ጨፍኜ!"

"እንወራረድ!"

"ከአንተ ጋር? ሂድ ወዲያ!"

እንግዲህ ጋሼ፣ ሰይጣን እኔን ለማሳሳት ሩቅ መንገድ አይመጣም፤ ጎረቤቴ ነው፣ በአጥር ላይ ይጠራኛል። በሳምንቱ መርከቧን ከአልጋዋ አነሳኋት። በጥቁር ጨርቅ ላይ አስተኝቼ ፊትና ጀርባዋን ፎቶ አነሳሁና ሰው ያረጀ ዕቃ በሚሸጥበት ገጽ ላይ ለጠፍኳት። ለራሴም ስም አወጣሁ፦ "ብቸኛዋ መበለት"። ማስታወቂያዬን ስማው፤ በትምህርት ቤት ዕድሜዬ እንዲህ ብጽፍ ኖሮ ዛሬ ሚኒስትር ነበርኩ። "ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ይህችን ሳንቲም ባየሁ ቁጥር እንባዬ ይቀድመኛል። ንጹሕ ብር ናት። ለሚያከብራት ሰው ብቻ እሰጣለሁ።" አብሮኝ ስልክ የሚጠግነው ልጅ አንብቦት ዓይኑን ጠረገ። በአንድ ቀን አራት ሰዎች ስለ ሳንቲሟ ጠየቁኝ፤ ሁለት ደግሞ ስለ መበለቷ። ሁሉንም "ተይዛለች" አልኳቸው። የምጠብቀው አንድ ገዢ ብቻ ነበር። አንተ ትገዛታለህ፣ እኔ እሁድ ምሳ ላይ በሰው ፊት "እንካ፣ የገዛ ሳንቲምህን በገንዘብህ ገዛህ፣ ዓይኑን የጨፈነው ጀግና!" እልሃለሁ፣ ገንዘብህን እመልስልሃለሁ፣ እንስቃለን። ነገሩ ይኸው ነበር። ከዚህ የበለጠ ነገር በልቤ ከነበረ ምላሴ ይቆረጥ።

ዓርብ ማታ እማዬ ዕቃ ስታጥብ ስልኬን ሰጠሁህ። "ጋሼ፣ የመርከቧ መንትያ ተገኘች!"

አንተም ማጉሊያህን ከኪስህ አውጥተህ ስልኩ ላይ ደቀንክ። ስልክ ላይ ማጉሊያ! በጣት ገፋ ሲያደርጉት ራሱ የሚተልቅ መሆኑን ስንቴ ነግሬሃለሁ? ሳቄ እንዳያመልጠኝ እጅጌዬን ነከስኩ። አንተ ግን ማጉሊያህን አንድ ቦታ ላይ አቆምክ።

"የማን ናት?" አልክ በመጨረሻ።

"የአንዲት መበለት።"

"ደህና ናት?"

"ማን?"

"መበለቷ።"

እኔ ሞኙ መጫወቴ ነው! "ኧረ የት ደህና ሆና" አልኩህ። "ችግር ላይ የወደቀች ትመስላለች።"

"ምን ዓይነት ችግር?"

"ባሏ ዕዳ ጥሎባት ነው የሞተው አሉ። ለሰው መናገር አፍራ ነው እንጂ..."

ማጉሊያህን አጥፈህ ኪስህ ከተትክ። ከዚያ ገንዘቡን አውጥተህ ሰጠኸኝ። "ግዛልኝ። ዋጋ አትከራከራት።" አንተ! ለአንዲት ብሎን ሦስት ሱቅ የምትዞረው ሰው! ያኔ ልነቃ ይገባኝ ነበር። አልነቃሁም። መኝታ ቤቴ ገብቼ ትራሴን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅሁ።

ቅዳሜን አንተም ታውቀዋለህ፤ ግን እኔ እንዴት እንዳየሁት አታውቅም። ጠዋት ወጥተህ ለምሳ ተመለስክ። ጎረቤታችን ነርሷ መጥታ ነበርና እማዬ የመርከቧን ታሪክ መቶ አንደኛ ጊዜ ልትነግራት ሳጥኑን ከፈተች። እኔ በር ላይ ውሃ እየጠጣሁ ነበር። መርከቧ ካልሲዬ ውስጥ ናት። እማዬ "ውይ!" ስትል ሰማሁ። ቀይዋ ጉድጓድ ባዶዋን አፍጥጣለች። በቃ፣ ሰዓቴ ደረሰ አልኩ፤ እስከ እሁድ ምን አስጠበቀኝ፣ ውሃውን ልዋጥና ካልሲዬን ላወልቅ...

ከወንበርህ ተነሳህ። "እኔ ነኝ የሸጥኳት" አልክ።

ውሃው በአፍንጫዬ ወጣ።

"ምን አልክ?" አለች እማዬ።

"ሸጥኳት። ሥራ ቀዝቅዞብኝ ነበር።"

"የጋብቻችንን ስጦታ?"

"እመልሳታለሁ።"

"ለማን ነው የሸጥካት፣ አንተ ሰውዬ?"

"ለማላውቀው ሰው።"

እማዬ ትጮኻለች ብዬ ጠበቅኩ። ሳጥኑን ትወረውራለች ብዬ ጠበቅኩ። ክዳኑን ቀስ አድርጋ ዘጋችውና "ግማሽ ቀን ነው እኮ የቆምኩት" አለች። ነርሷ ጫማዋን ፈልጋ ወጣች።

ለምን አልተናገርክም ትለኛለህ። እኔ፣ ቀብር ላይ እንኳ ዝም በል የምባለው ልጅ፣ ለምን ምላሴ ተሳሰረ? እውነቱን ልንገርህ፤ ነቅተህብኝ ጨዋታውን የገለበጥክብኝ መስሎኝ ነው። "ሽማግሌው በለጠኝ!" አልኩ በልቤ። ዓይንህን እስክትጠቅስልኝ ጠበቅሁ። ምሳ ላይ ጠበቅሁ። ራት ላይ ጠበቅሁ። አንተ ሶፋው ላይ ተኛህ፤ እማዬ በሯን ዘጋች። እሁድ ጠዋት ስነሳ፣ ያን ስንት ጊዜ "ቤቴን ጥዬ ሦስት ወር ወደብ አልቀመጥም" ብለህ የመለስከውን ሥራ ተቀብለህ የመሣሪያ ሣጥንህን ታስራለህ። በር ላይ ትከሻዬን ይዘህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?

"መበለቷን ስታገኛት ንገራት" አልከኝ። "ሌላ ጊዜ ሲቸግራት ከመሸጧ በፊት ለእኔ ትንገረኝ። አልቆጣም በልልኝ።"

አልገባኝም፣ ጋሼ። እንደ ሞኝ "እሺ" አልኩህ። አሁንም እየቀለድክ መስሎኝ ነበር። መኪናው ሲታጠፍ ነው ዓይንህን እንዳልጠቀስክልኝ የገባኝ።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ሳምንት። እማዬ ሬዲዮ አትከፍትም። የአንተን ሳህን ከላይኛው መደርደሪያ አንስታ ከታች አደረገችው፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ መልሳ ከላይ አደረገችው። በየማለዳው ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፤ በየማለዳው ፊቷን አይና ስለ ሌላ ነገር አወራለሁ። እኔ የመሰለኝን ልንገርህ፦ ዕድሜ ተጫጭኖህ፣ ቀልዴ አእምሮህን አዟዙሮት፣ እውነትም የሸጥካት የመሰለህ መሰለኝ። አንድን ደህና ሰው እንዲህ አበላሸሁት ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ለካ ከዚያ የባሰ አለ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ብልሃት አገኘሁ። መርከቧን ለሹክሹክታ ልሰጠው፣ እሱ ወደ እማዬ መጥቶ "ገዢው ተጸጽቶ መለሳት" እንዲላት፣ ነገሩ እንዲያልቅ። ከአንተ ከሰባኪው ስለተማርኩ በአካል ሄድኩ። ደረጃ ሥር ያለችዋን ሱቅ ታውቃት የለ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ትንፋሹን ውጪ ትቶ የሚገባባት። ሽማግሌው ያው ምሥጢር እንደሚያወራ ሰው አፉን ወደ ጆሮዬ አስጠጋ።

"ምን ይዘህ መጣህ፣ ልጄ?"

መርከቧን መስታወቱ ላይ አስቀመጥኳት። አልመዘናትም። ጠርዟን አልዳበሰም። ከእብነ በረዱ ላይ ጣት በምታህል ከፍታ ጣል አደረጋት።

"ጥጥ።"

ይኸው ነው። ጥጥ። ድንዙዝ ድምፅ፣ እንደ ልብስ ቁልፍ፣ እንደ ጠርሙስ ክዳን። አጠገቧ ሌላ የብር ሳንቲም ጣለልኝ፤ ያቺ ግን እንደ ደወል ዘመረች፣ ድምፅዋ ሱቁን ሞልቶ ቀስ እያለ ጠፋ።

"እቺ እብድ እስካሁን አለች?" ብሎ ያለ ድምፅ ሳቀ።

"እንዴት ነው አባባ? ብር አይደለችም እንዴ?"

"እርሳስ ናት ልጄ። ብር የተቀባች እርሳስ። እይ፣ ከምሰሶዋ ሥር ምስር የምታህል ጉድጓድ አለች፤ ሲያቀልጧት አረፋ ገብቶባት ነው። እንዲህ ያለች በዓለም ላይ አንዲት ናት። እንጀራ አባትህ በተጋቡ ሳምንት ይዟት መጥቶ ነበር። አንዴ ጣላት፣ ሰማ፣ መልሶ ኪሱ ከተታት። 'ለሚስትህ ንገራትና ሻጩን ፈልጋ ታንቀው' ብለው፣ 'ግማሽ ቀን ቆማ ነው ያመጣችልኝ፤ ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ብር የለም። ትንፍሽ እንዳትል' አለኝ። ይኸው አልተነፈስኩም።"

ጆሮውን አየሁት። አላከከም።

ቆምኩ። ምስር የምታህል ጉድጓድ። በዓለም ላይ አንዲት። አንተ ያን ማጉሊያህን ስልኩ ላይ የደቀንከው... ጋሼ፣ መጀመሪያውኑ አውቀሃታል!

"ጋሼ ስለ እኔ ምን ብሎዎት ያውቃል?" አልኩት፤ ድምፄ እንደ መርከቧ ድምፅ ሆኗል።

ሹክሹክታ ወደ በሩ አየ። "ሊሄድ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ጠዋት መጣ። እዚች በርጩማ ላይ ተቀመጠ። 'ልጁ ከቤት እያወጣ መሸጥ ጀምሯል' አለኝ። 'ችግር ገጥሞታል። ራሱን መበለት አድርጎ ሊነግረኝ ሞከረ፤ አፍሮ ነው' አለኝ። 'ታዲያ ጠርተህ አትጠይቀውም?' ብለው ምን እንዳለኝ ታውቃለህ?"

"ምን አለዎት?"

"'ከጠየቅሁት ሌባ ይሆናል፤ ካልጠየቅሁት ልጄ ነው' አለኝ።"

ጋሼ፣ ከሱቁ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። መርከቧን ትቻት ወጥቼ ኖሮ ሽማግሌው ተከትሎኝ መጥቶ እጄ ላይ አስጨበጠኝ። መንገድ ላይ አንድ ሰው "ልጄ፣ ምን ሆንክ?" አለኝ፤ መቼም የእኔ ፊት ሰው የሚያሳዝን ፊት ሆኖ አያውቅም ነበር። እስከዛሬ ሰው ሳስደነግጥ ኖርኩ፤ ድንጋጤ እንዲህ እንደሚያደርግ አላውቅም ነበር።

ሳስበው ደግሞ የባሰ ደነገጥኩ። እኔ "ንጹሕ ብር" ብዬ ሐሰተኛ ሳንቲም ስሸጥ አላወቅሁም። አንተ ሐሰተኛ መሆኗን እያወቅህ የብር ዋጋ ከፍለህ ገዛህ። በአካል የሄደችው እማዬ ተታለለች፤ በስልክ ያየኸው አንተ አልተታለልክም። ከሁላችን ግን የተታለልከው አንተ ነህ፤ በሳንቲሟ አይደለም፣ በእኔ ነው። አሥር ዓመት በማጉሊያ ስታየኝ ኖረህ ሌባ መስዬ ታየሁህ። እንዲያም ሆኖ ከሳጥኑ አላወጣኸኝም።

በቀጥታ ወደ ቤት ሮጥኩ። እማዬ ልብስ ታጥፋለች። እጄን ከፍቼ መርከቧን ፊቷ አስቀመጥኩና ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት፦ ጥቁሩን ጨርቅ፣ መበለቷን፣ ገንዘቡን።

"ታዲያ እሱ ለምን ሸጥኳት አለ?" አለች።

"እኔ ሌባ መስዬው። አንቺ እንዳታውቂብኝ።"

የመጀመሪያው ጫማ ግንባሬን መታኝ። ሁለተኛው በመስኮት ወጣ፤ እስካሁን አልተገኘም። ሦስተኛ ጫማ ፈልጋ ስታጣ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። "ሦስት ሳምንት" አለች። "ሦስት ሳምንት ሙሉ ሰውየውን በሆዴ ስረግመው።" ከዚያ መርከቧን አንስታ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለቻት፣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበቻት። ምስር የምታህለዋ ጉድጓድ ወለል ብላ ትታያለች።

"ግማሽ ቀን ተከራክሬባት እኮ ነው" አለች።

ጋሼ፣ በሕይወቴ እንዲህ ያለ የቀልድ ዕድል አግኝቼ አላውቅም። አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ነከስኩት። "ሻጩ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው" አልኳት።

"ምንም አልቀረው!" አለች፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያዋን ሳቅ ሳቀች። ሄዳም ሳጥኑ ውስጥ በቀይ አልጋዋ ላይ አስተኛቻት። ስለዚህ አትስጋ፤ የእናንተን ምሥጢር አሁን ሦስት ሰው ያውቀዋል፣ እሷ ግን የለችበትም። ይህ በሕይወቴ የጠበቅሁት የመጀመሪያው ምሥጢር ነው፤ ሆዴን እንደ ቁንጫ እየነከሰኝ እንኳ እጠብቀዋለሁ።

"አንተ ነህ ያበላሸኸው፣ አንተ ጻፍለት" አለችኝ። "እኔ የምለውን ሲመጣ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ።" ሳህንህን ደግሞ ጠረጴዛው ላይ አውጥታዋለች። ሦስተኛ ሰው የለንም፤ የማን ሳህን እንደሆነ አንተ ገምት።

የመበለቷ ገንዘብ ፖስታው ውስጥ አለ። እሷንም ከስልኬ አጥፍቻታለሁ። ለሁለቱ ፈላጊዎቿ "አግብታለች፣ ባሏ ሚዛን ጠጋኝ ነው፣ ኃይለኛ ነው" ብዬ ጽፌላቸዋለሁ። ደብዳቤውን ነገ ጠዋት ወደ አንተ የሚመጣው የጭነት መኪና ሹፌር ይዞልህ ይመጣል፤ መኪናውን መዝነህ ስትጨርስ እሱ ባዶውን እንዳይመለስ። ጎኑ ያለው ወንበር የአንተ ነው፤ ለምኜዋለሁ፣ እሺ ብሎኛል።

አልሰረቅሁም፣ ጋሼ። ቂል ነኝ እንጂ ሌባ አይደለሁም። ግን ይህን በወረቀት ብነግርህ ምን ዋጋ አለው? ወረቀትም እንደ ፎቶ ነው፤ አይመዘን፣ አይጮኽ፣ ዓይኑን አይሰብር። ከእኔ ደግሞ ውሸት ስትሰማ ነው የኖርከው። ስለዚህ በአካል ና። እዚህ እብነ በረድህ ላይ ጣለኝና አድምጠኝ። ደህና ድምፅ ካለኝ እሰየው። "ጥጥ" ካልኩም እንደ መርከቧ ለማንም ሳትናገር ቦታዬ ላይ መልሰኝ፤ ጉድጓዴ የቱ እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። ሥሩ ተጽፏል።

ግንባሩ ላይ የጫማ ምልክት ያለበት፣
ልጅህ ቁንጫው